ማዕበሉ፦ ከሚወድቅ ተራራ ሥር የመኖር ታሪክ

እ.ኤ.አ. አፕሪል 7 ቀን 1934፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። በምዕራብ ኖርዌይ የምትገኘው ታፍዮርድ የተባለች መንደር ተኝታለች። ከመንደሯ ራቅ ብሎ፣ በጠባቡ የባሕር ወሽመጥ ዳር ከቆመው ላንግሃማረን ከተባለ ገደል፣ ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚገመት ዓለት ተገንጥሎ ወደ ውሃው ወረደ። ናዳው የተነሣው ከባሕሩ ወለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ቦታ ነው። ዓለቱ በወደቀበት አካባቢ ውሃው ከ60 ሜትር በላይ ዳገቱን ወጣ፤ ከዚያም ወሽመጡን ተከትሎ ሰው ወዳለበት ገሰገሰ። የመጀመሪያው ሞገድ አነስተኛ ነበር፤ ተከትለውት የመጡት ግን እየበረቱ ሄዱ። ቤቶች ከነመሠረታቸው ተነቀሉ፤ ጀልባዎች ከማሳ ላይ ተጣሉ። ሲነጋ በታፍዮርድ 23፣ በጎረቤቷ በፍዮራ መንደር 17፣ በድምሩ 40 ሰዎች ማለቃቸው ታወቀ።

ከ81 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2015፣ ኖርዌያውያን «ቦልገን» የተሰኘ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤቶችን አጨናነቁ። የፊልሙ ስም በአማርኛ «ማዕበሉ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሩአር ኡትሃውግ ፊልሙን የከፈተው በልብ ወለድ ሳይሆን በታሪክ ነው፤ ተመልካቹ ከባለታሪኮቹ ጋር ከመተዋወቁ በፊት የቀድሞዎቹ ናዳዎች ያደረሱት ጥፋት በአሮጌ ምስሎች ይታየዋል። በስካንዲኔቪያ የመጀመሪያው የአደጋ ፊልም ተብሎ የተዋወቀው ይህ ሥራ፣ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ብቻ ባላት አገር ከ800,000 በላይ ተመልካች አገኘ። አገሪቱም በዚያው ዓመት ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ውድድር እጩዋ አድርጋ አቀረበችው።

ይህን ያህል ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የሳበው የውሃው ግዝፈት ብቻ አይመስልም። የአሜሪካ ፊልሞች ከተማ ሲሰጥም፣ ምድር ስትሰነጠቅ፣ ከሰማይ እሳት ሲወርድ ደጋግመው አሳይተዋል፤ የዚያ ሁሉ ተመልካች ግን አምፖሉ ሲበራ ወደማይነካው ቤቱ ይመለሳል። በ«ቦልገን» የሚታየው ተራራ ግን በእርግጥ አለ። ስንጥቁም አለ፤ እየሰፋም ነው። ፊልሙ የሚተርከው የአንድን ቤተሰብ አንድ ሌሊት ነው። ከፊልሙ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ግን መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ ሲሆን፣ ዋናው ጥያቄውም ተራራ ለምን ይወድቃል የሚለው አይደለም። በአንዱ ናዳና በሌላው መካከል ባሉት ጸጥተኛ ዓመታት ሰው ምን ያደርጋል? የሚለው ነው።

ወሽመጥና ገደል

የኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ «ፍዮርድ» በሚባሉ ረጃጅምና ጠባብ የባሕር ወሽመጦች የተተለተለ ነው። እነዚህን ሸለቆዎች የፈለፈላቸው በበረዶ ዘመን ምድሩን ሸፍኖ የነበረው የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ሸለቆውን እየቦረቦረ ወደ ታች ሲያጠልቅ፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ተራሮች ወገባቸውን እየላጨ ቀጥ ያለ ገደል አደረጋቸው። ሲቀልጥ ደግሞ ገደሎቹ ተደግፈውት የነበረው ግድግዳ ጠፋ። ባሕሩ ወደ ሸለቆው ገባ፤ ተራሮቹም ድጋፍ አልባ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የያዘው ውሃ ነው። ዝናቡና የቀለጠው በረዶ ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ይሰርጋል፤ በብርድ ወራት ስንጥቁ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሽብልቅ ዓለቱን ይፈለቅቃል፤ በጸደይ ሲቀልጥ ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ እየተጠራቀመ ይገፋዋል። ሥራው በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ፍጻሜው ግን በደቂቃ ያልቃል።

ዓለቱ በየብስ ላይ ቢወድቅ የሚያጠፋው ከሥሩ ያለውን ብቻ በሆነ ነበር። ወሽመጥ ውስጥ ሲወድቅ ግን ውሃውን ከቦታው ያስለቅቃል። ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ የባሕሩን ገጽ ብቻ ያናውጣል፤ ናዳ የሚያስነሣው ማዕበል ግን ውሃውን ከላይ እስከ ታች የሚያንቀሳቅስ ነው። ጠባቡ ወሽመጥ ግራና ቀኙን ይዞ እንዲበተን ስለማይፈቅድለትም ጉልበቱን ይዞ ረጅም መንገድ ይጓዛል።

የአገሬው ሰው ደግሞ የሚኖረው ከውሃው ዳር ነው። ቀጥ ካለው ገደልና ከጥልቁ ውሃ መካከል ለእርሻና ለቤት የሚሆን መሬት የሚገኘው ወንዝ ደለል ባከማቸበት በወሽመጡ ጫፍ ላይ ነው። መንገድ ሳይሠራ በፊት መተላለፊያው ውሃው ነበር፤ ዓሣውም የሚወጣው ከውሃው ነው። እንጀራ የሚገኝበትና ሞት የሚመጣበት ቦታ አንድ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1731 በስትራንዳ አካባቢ 17 ሰዎች፣ በ1756 ደግሞ ቼሌ በተባለው ቦታ 32 ሰዎች የሞቱት በዚሁ ዓይነት አደጋ ነው። በተጻፈው የኖርዌይ ታሪክ ውስጥ ከቼሌ የሚበልጥ የዓለት ናዳ አይታወቅም።

የቁራው ተራራ

ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ልብን የሚሰብረው የሉኤን ታሪክ ነው። በሉኤን ሸለቆ ሎቫትኔት የተባለ ውብ ሐይቅ አለ፤ ውሃው ከበረዶ ግግር ስለሚወርድ አረንጓዴ ነው። ከሐይቁ በላይ ራምነፍዬል ቆሟል፤ ትርጉሙ «የቁራ ተራራ» ነው። ከሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ቦዳልና ኔስዳል የተባሉ ሁለት የገበሬ መንደሮች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1905፣ እሑድ ምሽት፣ ከተራራው የተገነጠለ ዓለት ከሥሩ የተከማቸውን ናዳ ሁሉ ጠራርጎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። 40 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው ማዕበል በሁለቱ መንደሮች 61 ሰዎችን ገደለ። አብዛኞቹ አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም። ጎብኚዎችን በሐይቁ ላይ ታመላልስ የነበረችው ሉዳለን የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ከውሃው ወጥታ ርቃ ከየብስ ላይ ተጣለች።

የተረፉት ሰዎች ምን አደረጉ? ሙታናቸውን አለቀሱ፤ ከዚያም ቤታቸውን እንደገና ሠሩ። በዚህ ሊፈረድባቸው አይገባም። አንድ ድንጋይ ሁለት ጊዜ የመታው ሰው ድንጋዩ እሱ ራሱ ነው የሚለው አባባል ከሩቅ ላለ ሰው ይቀላል። የቦዳልና የኔስዳል ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት መሬት እርሱ ብቻ ነበር። ከብቶቻቸው፣ የግጦሽ መሬታቸው፣ የዘመዶቻቸው መቃብር ሁሉ እዚያው ነው። እንዲህ ያለ መዓት በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ይደርሳል ብሎ የጠበቀም ጥቂት ነበር። ሊወድቅ የነበረው ወድቋል፤ ተራራውም አርፏል ተባለ። ሕፃናት ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተዳሩ። የ1905ቱን ሌሊት በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች በመንደሩ በዙ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ታፍዮርድ ተመታች። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አለፈ። የታፍዮርድ እንባ ሳይደርቅ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1936፣ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ራምነፍዬል ሁለተኛ ወደቀ። የአሁኑ ከፊተኛው እጅግ የበለጠ ነበር፤ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ዓለት ወደ ሐይቁ ገባ። ማዕበሉ 74 ሜትር ከፍታ ደረሰ፤ የሞቱትም ሰዎች ቁጥር 74 ሆነ። ከ31 ዓመት በፊት ከየብስ የተጣለችውን የሉዳለንን ቅሪት ሳይቀር ውሃው አንስቶ የበለጠ ወደ ላይ ገፋው።

ተራራው በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ከዚያም በ1950 ሌሎች ታላላቅ ናዳዎች ከዚያው ገደል ወደዚያው ሐይቅ ወርደዋል። በእነዚህ ጊዜያት ግን የሞተ ሰው አልነበረም። የተራራው ጠባይ አልተለወጠም፤ ማዕበሉም አልራራም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚኖር ሰው አልነበረም።

አሥር ደቂቃ

የ«ቦልገን» ደራሲዎች ይህን ሁሉ ታሪክ ወስደው በአንድ ቤተሰብ ላይ አሳረፉት። ክሪስቶፈር ዮነር የተጫወተው ክርስቲያን የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። ጋይራንገር በተባለችው መንደር ሆኖ ከወሽመጡ በላይ ያለውን ስንጥቅ ተራራ ይከታተል ነበር፤ አሁን ግን በነዳጅ ዘይት ኩባንያ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ወደ ከተማ ሊወስድ ዕቃውን ጭኗል። አነ ዳል ቶርፕ የተጫወተችው ባለቤቱ ኢዱን በመንደሩ ሆቴል ትሠራለች። ወንዱ ልጃቸው ሶንድረ ወጣት ነው፤ ዩሊያ ገና ሕፃን ናት።

ክርስቲያን በመጨረሻዋ የሥራ ቀኑ ከመሣሪያዎቹ የመጣ አንድ ቁጥር ልቡን ይነሣዋል። ይመለሳል፤ ይከራከራል። የክትትል ጣቢያው ኃላፊ ግን ያመነታል። ወቅቱ የጎብኚዎች ወቅት ነው፤ ደወሉ ተደውሎ ተራራው ባይወድቅ መንደሩ ይከስራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የሚሰማ ሰው አይኖርም። ደወሉ የተደወለው ተራራው መውደቅ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ማዕበሉ ከጋይራንገር እስኪደርስ የቀረው ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል በአደጋ ፊልሞች የተለመደውን መንገድ ይከተላል። ቤተሰቡ ይለያያል፤ አባት ሴት ልጁን ለጎረቤቶች አደራ ሰጥቶ ሚስቱንና ወንድ ልጁን ፍለጋ ወደ ፈራረሰችው መንደር ይወርዳል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ለቤተሰብ ፍቅር የሚያስከፍለውን ዋጋ አይሸሽግም። በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ውሃ አንገታቸው በደረሰበት ሰዓት፣ ከእናትና ልጅ ጋር የተዘጋበት አንድ እንግዳ በሞት ፍርሃት አእምሮውን ስቶ ሶንድረን ሊያሰጥመው ይደርሳል። ኢዱን ሰውየውን በገዛ እጇ ውሃ ውስጥ ደፍቃ ትገድለዋለች። ልጇ ይተርፋል። ፊልሙ አያወግዛትም፤ አያሞግሳትምም። ተመልካቹም የ1905ቱንና የ1936ቱን ሌሊቶች እንደ አዲስ እንዲያስብ ይገደዳል፤ ከጠፉት ሰዎች ቁጥር ጀርባ እንዲህ ያሉ ማንም ያላያቸው የጨለማ ውስጥ ውሳኔዎች ሳይኖሩ አይቀሩምና።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ተከታዩ ፊልም «ሼልቬት» (መንቀጥቀጡ) የዳይሬክተር ዮን አንድሬያስ አንደርሰን ሥራ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋን ኦስሎን በመሬት መንቀጥቀጥ ያናውጣታል። በዚህ ፊልም ክርስቲያን ከቤተሰቡ ተለይቶ በጋይራንገር ብቻውን ይኖራል፤ ያዳናቸው ሳይሆን ያላዳናቸው ሰዎች ናቸው እንቅልፍ የሚነሡት። የመጀመሪያው ፊልም በቤተሰቡ መገናኘት ያበቃ መስሎ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከአደጋ የተረፈ ሰው ሁሉ ድኗል ማለት እንዳልሆነ ያስታውሳል።

ዛሬም የሚንቀሳቀሰው ተራራ

በፊልሙ የወደቀው ተራራ በእውነተኛው ዓለም ኦክነስ ይባላል። ጋይራንገርና ሄለሲልት የተባሉት መንደሮች ባሉበት የወሽመጥ ሥርዓት ውስጥ፣ ከውሃው በላይ ተንጋሎ የቆመ ነው። በአናቱ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ እየሰፋ መሄዱን የአካባቢው ሰዎች ያውቁ ነበር፤ በመሣሪያ መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ተራራው በዓመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ባለሙያዎች ሊወድቅ ይችላል ብለው የገመቱት ትልቁ መጠን 54 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ታፍዮርድን ካጠፋው ናዳ ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ናዳ የሚያስነሣው ማዕበል ሄለሲልትን በአምስት ደቂቃ፣ ጋይራንገርን በአሥር ደቂቃ ገደማ እንደሚደርስ ተሰልቷል። የፊልሙ አሥር ደቂቃ የተወሰደው ከዚህ ስሌት ነው።

ጋይራንገር በብርዱ ወራት ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ብቻ ያሏት ትንሽ መንደር ናት። በበጋው ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች በታላላቅ መርከቦች ይመጡባታል። ወሽመጡ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጎብኚ የሚመጣው ቀጥ ብለው የቆሙትን ገደሎች ለማየት ነው፤ የመንደሯ ኑሮ የተመሠረተውም ሊያጠፋት በሚችለው ነገር ውበት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙና እውነቱ የሚለያዩበት አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። በፊልሙ ተራራው የሚያስጠነቅቀው ለአንድ አስተዋይ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በመጨረሻዋ ሰዓት። በእውነቱ ግን ባለሙያዎቹ ተራራው ከመውደቁ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ፍጥነቱን እየጨመረ ምልክት ይሰጣል ብለው ይጠብቃሉ። ስለዚህም ተራራው በሌሊትም በቀንም ዓይን አይለየውም። የስንጥቁን ስፋት የሚለኩ መሣሪያዎች፣ ጨረር፣ ራዳር፣ የሳተላይት መቀበያዎች፣ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተተከሉ መለኪያዎች የእያንዳንዷን ሚሊ ሜትር ጉዞ ይመዘግባሉ። ክትትሉን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚመራው የኖርዌይ የውሃ ሀብትና ኢነርጂ ዳይሬክቶሬት ነው። የአደጋው ደረጃ በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ይገለጻል፤ ቀይ ሲሆን ሰው ሁሉ ቤቱን ለቅቆ ይወጣል።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ተራራውን አያቆመውም። የሚገዛው ጊዜን ነው። የተገዛው ጊዜ የሚጠቅመው ደግሞ ሰዉ ውጣ ሲባል ከወጣ ብቻ ነው። የፊልሙ የጣቢያ ኃላፊ የፈራው ነገር ልብ ወለድ አይደለም፤ ሐሰት የሆነ ማስጠንቀቂያ መተማመንን ይገድላል።

ያልተተረከው ድል

ይህ ፍርሃት በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተፈተነው ከኦክነስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሩምስዳል ሸለቆ ነው። በዚያ «ቬስለማነን» የተባለ የተራራ ክፍል ነበር፤ «ትንሹ ሰውዬ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊወድቅ ነው ተብሎ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ። ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ተክለው ጠበቁ፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ተመለከተ። አልወደቀም። ሰዎቹ ተመለሱ። ዝናብ ሲበረታ እንቅስቃሴው እንደገና ፈጠነ፤ እንደገና ወጡ፤ አሁንም አልወደቀም። በአምስት ዓመት ውስጥ 16 ጊዜ ቤታቸውን ለቅቀው ወጥተዋል።

አሥራ ስድስት ጊዜ ዕቃ መሸከፍ፣ ከብት ማስወጣት፣ ሽማግሌ መደገፍ ቀላል ነገር አይደለም። ነገሩ ለብዙዎች መቀለጃ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የሉኤን ሰዎች ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ባሉት 31 ጸጥተኛ ዓመታት ተራራውን እንደለመዱት ሁሉ፣ የሩምስዳል ሰዎችም ደወሉን ለምደው ከቤታቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2019 ምሽት ቬስለማነን ወደቀ። ናዳው በሸለቆው ላይ ጭጋግ መስሎ የተነሣ አቧራ ትቶ ቆመ። ሰዎቹ ግን አሥራ ስድስተኛውንም ጊዜ ወጥተው ነበር። የሞተ የለም፤ የቆሰለም የለም። በኋላም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ስለዚያ ምሽት ታላቅ ፊልም መሥራት ያስቸግራል። የሚሰጥም ሆቴል፣ ልጁን ፍለጋ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ አባት፣ በጨለማ ሰው የምትገድል እናት የለም። ያሉት ሳይወዱ በግድ ለአሥራ ስድስተኛ ጊዜ በራቸውን ቆልፈው የሄዱ ገበሬዎችና «ምናልባት ዛሬም ላይወድቅ ይችላል፤ ቢሆንም ውጡ» ብለው የተናገሩ ባለሙያዎች ናቸው። የሉኤን 135 ሙታንና የታፍዮርድ 40 ሙታን ይህን የሚል ሰው አልነበራቸውም። ኦክነስ ዛሬም ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ያሉት ቤተሰቦች ማታ ማታ መብራታቸውን አጥፍተው ይተኛሉ፤ ከበላያቸው ግን የማይተኛ መሣሪያ አለ። ተራራው የሚወድቅበት ቀን ሲመጣ የእነርሱ ዕጣ የሚወሰነው በአሥር ደቂቃ ሩጫ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ብዙ ጸጥተኛ ዓመታት ባልረሱት ነገር ነው።